ልጅሽ መጣ ያሉኝ ዕለት

ባሌ ሲሞት የጨርቅ ንግዱን ብቻዬን መያዝ አቃተኝና ወደ ቅመም ዞርሁ። ባሕር ዳር ገበያ፣ ቅመም ተራ ላይ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማና አብሽ ዘርግቼ እውል ነበር። አላህ የሰጠኝ አንድ ልጅ ነው፤ ሰይድ ይባላል። ደርግ ብሔራዊ ውትድርና ብሎ ወጣቱን ሲሰበስብ ከሰፈራችን ከተወሰዱት አንዱ እሱ ሆነ። ሌላው የጎረቤቴ የየሻረግ ልጅ ሙሉቀን ነው።

የሻረግ የቄስ አዳሙ ሚስት ናት። ባሏ ከጣና ደሴቶች በአንዱ የሚቀድሱ፣ ሳምንቱን እዚያው የሚሰነብቱ ሰው ስለነበሩ የምንውለውም የምናመሸውም እኔና እሷ ነን። የቀበሌ ቤት ተከራይተን፣ ግድግዳ ተጋርተን፣ በአንድ የግቢ በር ነበር የምንገባው። ልጆቻችን አብረው ዳዴ አሉ፤ ሐይቁ ዳር አብረው ዋና ተማሩ፤ አብረውም በአንድ መኪና ተጫኑ። መኪናው ሲንቀሳቀስ የሻረግ ጮኻ፣ ራሷን ስታ ወደቀች። ውኃ የረጨኋት፣ ያነሣኋት እኔ ነኝ። ሰይድ ከመኪናው ላይ ሆኖ አንገቱን አዙሮ ያየኝ ነበር። አላለቀስሁም።

ቻይ ስለሆንሁ እንዳይመስላችሁ። እኔ ድስት እስኪፈላ ክዳኑን አሥሬ የምከፍት፣ ገዢው ጀርባውን ሳያዞር ዋጋ የምቀንስ፣ ሶላት ላይ እንኳ ልቤ ቀድሞኝ የሚነሣ ሴት ነበርሁ። ያን ዕለት ያላለቀስሁት ልጄ ወር ሳይሞላው የሚመለስ መስሎኝ ነው።

ወሩም ዓመቱም አለፈ። መኪና ቆመ በተባለ ቁጥር ቅመሜን ለጎረቤት አደራ ብዬ እሮጣለሁ። የሻረግ ለማርያም ስትሳል ሰይድን ትጨምርልኛለች፤ እኔም ዱዓ ሳደርግ ሙሉቀንን ሳልጠራ አልነሣም። «አንድ ቀን አብረው ይገባሉ» እንባባላለን። አንዱ ብቻ ቢመጣስ ብለን ግን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

ቅዳሜ ነው፤ ገበያው ደርቷል። ለአንዲት የመሸንቲ ሴት አብሽ እየመዘንሁ ሳለ ጨው ሻጩ አያ ይመር ከሩቅ እጁን እያወናጨፈ መጣ።

«ዘይነባ! ዘይነባ ሆይ! ምን ተጎልተሽ ትመዝኛለሽ? ልጅሽ መጣ!»

«የማን ልጅ?»

«ያንቺ ነዋ! በደጅሽ ሳልፍ እልልታው ይቀልጣል። ወታደር በበርሽ ሲገባ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ሚዛኑን የት እንደጣልሁት አላውቅም። ዘንባባው በተተከለበት መንገድ ወደ ቤቴ ሮጥሁ። አንድ ጫማዬ ወለቀ፤ አልተመለስሁለትም። የሚያውቀኝ ሁሉ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ሰይድ መጣ! ልጄ መጣ!» እላለሁ፤ «እንኳን ደስ ያለሽ!» እያለ ያሳልፈኛል። ሩጫዬ ሳያልቅ ምን እንደማበላው አሰብሁ፤ የት እንደማስተኛው አሰብሁ፤ ማንን እንደምድርለት ሁሉ አሰብሁ። የወረታው የእንድሪስ ልጅ ትሆነዋለች ብዬ ጨርሼ ነው የግቢያችን በር የደረስሁት።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። መሐል ላይ ጀርባውን ለበሩ የሰጠ ወታደር ቆሟል። የካኪው ልብስ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ‹ከስቷል ልጄ› አልሁ በሆዴ። ሰዉን ገፍቼ ከኋላው አቀፍሁት። «ሰይዴ! ሰይዴ! አልሐምዱሊላህ!» እያልሁ ጀርባውን ሳምሁት። ክንዴ ውስጥ ተንገዳገደና ብብቱ ሥር የያዘው ምርኩዝ መሬት ወደቀ። ቀስ ብሎ ዞረ።

«እማ ዘይነባ» አለኝ።

ሙሉቀን ነበር።

እልልታው ቀጥ አለ። የሻረግ እጇን አፏ ላይ ጭና ታየኛለች። እኔ የእሷን ልጅ እንዳቀፍሁ ቀረሁ፤ ልለቀው አልቻልሁም፣ ልይዘውም አልቻልሁም። በዓይኔ ግቢውን አዳረስሁ፤ ከቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይወጣ እንደሆነ ጠበቅሁ። ማንም አልወጣም።

«ሰይድስ?» አልሁት።

ዓይኑን ሰበረ። «ደህና ነው፣ እማ… በኋላ እንነጋገራለን።»

በኋላ! ይህችን ቃል የሰማች እናት ምን እንደምታስብ ታውቃላችሁ። በአገራችን መርዶ አንድ ሰው ዘሎ አይናገረውም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሊነጋጋ ሲል ተመጥቶ ነው የሚረዳው። ሰዎቹም «ልጁ ደክሞታል፣ ይረፍ፣ ይረፍ» እያሉ ከፊቴ ወሰዱት። አፌ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ የሽ» አለ። አፌ ነው ያለው። ልቤ ውስጥ ግን በዕድሜዬ የማላውቀው ነገር ገባ። በባሌ ስቀና፣ በገበያ በሰው ስቀና አውቃለሁ፤ ይኼ ግን ሌላ ነው። ከእሳት የወጣ ብረት የዋጥሁ ነው የመሰለኝ።

ሲመሽ ቤቴ ገብቼ ተቀመጥሁ። በግድግዳው በኩል የየሻረግ ድምፅ ይሰማኛል። «ይኼን ብላ፣ የኔ ጌታ። እግርህን ላንሣልህ? ይኸው ትራስ።» ደግሞ ሳቅ። ከዚያ በፊት የዚያች ሴት ሳቅ እንደ ራሴ ሳቅ ነበር። ያን ምሽት ግን ጆሮዬን በሻሽ ጠቀለልሁት። አምላኬን «የሷን ለቅሶ ሰምተህ የኔን ዝምታ ሳትሰማ ቀረህ?» አልሁት። እንደ እሷ ወድቄ፣ እንደ እሷ ጮኼ ቢሆን ይመለስልኝ ኖሯል ብዬም ተቆጨሁ።

የሱብሂን ሶላት ሰግጄ ገና ከስጋጃዬ ሳልነሣ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ፣ ቄስ አዳሙ ከነመስቀላቸው ቆመዋል፤ የልጃቸውን መምጣት ሰምተው ሌሊቱን ከደሴቱ በታንኳ መጥተው ማለት ነው። ከጎናቸው ሼህ ኑሩ፤ ከኋላቸው ደግሞ አያ ይመር ጋቢውን ደርቦ አንገቱን ደፍቷል። ሦስት ሽማግሌ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ።

«ልጄን!» ብዬ ጮኽሁ። ደረቴን መታሁ። «ሰይዴን! ልጄን በላችሁት!»

«ኧረ የለም! ኧረ ዘይነባ!» ቄስ አዳሙ እጄን ለመያዝ ይታገላሉ። «በእመብርሃን! መርዶ አይደለም!»

«አትዋሹኝ!»

«አንቺ ሴት!» አሉ ሼህ ኑሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ቢላዋዬን አታይም? በግ ልባርክ ነው የመጣሁት፣ በግ!»

እውነትም እጃቸው ላይ ቢላዋ አለ። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። የሻረግ ለልጇ ድግስ ስታዘጋጅ «ዘይነባ የማትበላው ድግስ ለእኔ ደስታ አይደለም» ብላ፣ ለእኔና ለእስላም ጎረቤቶቻችን ለብቻው የሚታረድ በግ አስገዝታለች። በእኔ ደጃፍ፣ በሼኩ እጅ እንዲታረድ ባሏን ልካለች። አያ ይመር አንገቱን የደፋው በትናንቱ ወሬው አፍሮ ነው።

በሩ ሥር ቁጭ አልሁ።

«ለደስታችሁ በግ ልታርዱ እኔን ልትገድሉኝ!» አልኋቸው።

ቄስ አዳሙ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «ይቅር በይኝ ልጄ። ሰዓቱን ሳላስብ ነው።» ቀጥለውም «ልጁ ሁሉን ይነግርሻል። ለእኛም ገና አልነገረንም። ታገሺ» አሉኝ።

ታገሺ! ልጁ በቤቱ የተኛ ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ። ደግነታቸው ራሱ አቃጠለኝ። የሻረግ ክፉ ብትሆን፣ ብትረሳኝ፣ ብትኮራብኝ እንዴት በተመቸኝ! የምቀናባት ሴት ቅን ሆነችብኝ፤ ከዚህ የባሰ ቅናት የለም።

በጉ ታረደ፤ ድግሱ ተደገሰ። ሥጋው በየወገኑ ለየብቻ ተሠራ። መሐል ላይ የሁላችንም የሆነ የቀረሶ ዓሣ ወጥ ቀረበ፤ ዓሣ እስላም ክርስቲያን አይልምና። እኔም ወገቤን አስሬ አስተናገድሁ። ውኃ አቀርባለሁ፣ ትሪ አነሣለሁ፣ ዓይኔ ግን የሻረግ እጅ ላይ ነው። ያ እጅ የልጇን ፀጉር ይዳስሳል፤ አንገቱን ይጠርጋል፤ ትጠቀልልና ታጎርሰዋለች። እሷ ባጎረሰችው ቁጥር እኔን ያንቀኛል። አንዲት የሰባታሚት አሮጊት፣ የየሻረግ ዘመድ፣ ክፋት ሳይኖርባቸው «ያንቺስ መቼ ነው የሚመጣ?» አሉኝ።

«አላህ ሲል፣ እማማ» አልኋቸው።

ልቤ ግን ‹ለሷ ዛሬ ያለ አምላክ ለእኔ ለምን ነገ ይላል?› ይል ነበር። የያዝሁትን ማንቆርቆሪያ አስቀመጥሁና በጓሮ ወጥቼ ወደ ሐይቁ ሄድሁ።

ዳሩ ላይ ከዘጌ የመጡ ሰዎች ከታንኳ ላይ እንጨት ያወርዳሉ። ከእነሱ ራቅ ብዬ ደንገሉ ሥር ተቀመጥሁ። ብዙም አልቆየ፣ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። ሙሉቀን ነው፤ እያነከሰ፣ ላብ እያጠመቀው ተከትሎኛል። አጠገቤ ለመቀመጥ ሲቸገር አይቼ አልረዳሁትም።

«እማ ዘይነባ፣ ከትናንት ጀምሮ ፊትሽን ማየት ፈርቼ ነው።»

«ሞቷል?» አልሁት። «ሞቷል በለኝና ልረፍ።»

«ስንለያይ በሕይወት ነበር። ባንቺ አምላክ ወላሂ!»

«እንግዲያ ምን ያስፈራሃል?»

ውኃውን እያየ ነገረኝ። «አንድ መድፍ ነው ሁለታችንንም ያገኘን። እኔን እግሬን፣ እሱን ትከሻውን። ቁስለኛ የሚያነሣ መኪና መጣ፤ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንድ ሰው ብቻ እንጨምራለን አሉ። ሐኪሙ ሰይድን ያዘው፤ እሱ ነበር ወደ መኪናው የቀረበ። አንድ እግሩን አንሥቶ መኪናው ላይ አድርጎ ነበር፣ እማ።»

«እሺ?»

«ወረደ።»

ወደ እሱ ዞርሁ።

«‹እሱን አስቀድሙት› አለ። እኔ እምቢ አልሁ፤ በማርያም እምቢ አልሁ። ቆጣ ብሎ ‹ያንተ እናት ባትመለስላት ትሞታለች። ስንሄድ እንኳ ስትወድቅ አይተሃል። የኔ እናት ትችላለች፤ እሷ ትጠብቀኛለች› አለኝ። በደህናው እጁ ደግፎ ወደ ላይ ገፋኝ። መኪናው ሄደ። ከዚያ በኋላ ቦታው በሌላው ወገን እጅ ገባ ሲሉ ሆስፒታል ሆኜ ሰማሁ። እሱን ያየ ግን አላገኘሁም።»

«እናቴ ትችላለች አለ?»

«አዎ።»

«ማን ነገረው?» ጮኽሁበት። «እንደምችል ማን ነገረው? ጠይቆኛል? አንተስ፣ ወጣህ?»

«ወጣሁ» አለ። እንባው ሲወርድ አልጠረገውም። «ወጣሁ፣ እማ።»

ትቼው ተነሣሁና በዳሩ ሄድሁ። የሚያቃጥለኝ ነገር አሁን ስም አገኘ። የየሻረግ ደስታ የኔ ነው። ከእኔ ላይ ተቆርሶ የተሰጣት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ልጄ በዚያች በጭንቅ ሰዓት ያሰበው ስለ እሷ እንባ መሆኑ ነው። ስለ እኔ አላሰበም? ብወድቅ ኖሮ፣ ብጮኽ ኖሮ ለእኔ ያዝን ነበር? ከልጇ አልፋ ልጄንም ወሰደችብኝ አልሁ።

የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲሰማ ውኃ ዳር ቆሜ ነበር። ውዱእ አድርጌ ሰገድሁ። ዱዓ ላይ ስደርስ የምለው አጣሁ። ሁልጊዜ ‹አሁን አምጣልኝ፣ ዛሬ አምጣልኝ› ነበር የምለው። ያን ቀን ያቺ እግር ብቻ ታየችኝ፤ ከመኪናው ላይ የወረደችው እግር። ማንም አልጎተታትም። ልጄ አልተወሰደበትም፤ ሰጠ። ይህን እያሰብሁ ብዙ ተቀመጥሁ። ንዴቴ አልበረደም፤ ግን ማን ላይ እንደምናደድ ጠፋኝ።

ግቢያችን ስመለስ እልልታውም ዘፈኑም የለም። ሙሉቀን ቀድሞኝ ደርሶ ለእናቱም ነግሯታል። የሻረግ ነጠላዋን ጥላ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልቅሶ ቤት ታለቅሳለች። እንግዳው እጁን ከማዕዱ ሰብስቦ ደንግጧል። ስታየኝ በጉልበቷ መጣች።

«ዘይኑ፣ አላወቅሁም! እግዜር ያውቃል አላወቅሁም! ይኼ ልጅ ያንቺ ነው፤ ውሰጂው። የኔ አልመጣም። ያንቺ እስኪመጣ የኔም አልመጣም!»

ከትናንት ጀምሮ የተመኘሁት ይኼንን ነበር፤ ደስታዋ ሲጠፋ ማየት። ይኸው ጠፋ፤ አልጣፈጠኝም። ሙሉቀን ግድግዳ ተደግፎ፣ ከሞት ተርፎ መምጣቱ እንደ ወንጀል ከብዶት ቆሟል። ልጄ ለዚህ ነበር የወረደው?

«ተነሺ፣ የሽ» አልኋት። «ልጄ በገዛ እጁ የሰጠውን እኔ ልነጥቅ?»

እጄን ታጠብሁ። ከመሐሉ ማዕድ የቀረሶውን ወጥ በእንጀራ ጠቀለልሁና ሙሉቀን ፊት ቆምሁ።

«ብላ» አልሁት። «ሰይድ ያበላህ ነው።»

እያለቀሰ ጎረሰ። ዞር ብዬ ሰዉን «ምነው ዝም አላችሁ? ሰው ከሞት ተመልሶ!» አልሁና እልል አልሁ። የመጀመሪያዋ ሳግ ነበረች፤ ሁለተኛዋ ግን ወጣች። ሴቶቹ ተቀበሉኝ። የሻረግ ብቻ አልተቀበለችም፤ ጀርባዬን አቅፋ፣ ፊቷን ትከሻዬ ላይ ቀብራ ቀረች።

በዚያ ቀን ቅናቴ ለቀቀኝ ብላችሁ ውሸት ነው። ሙሉቀን ሲያገባ ተመለሰብኝ። የሻረግ የልጅ ልጅ ስትታቀፍ ተመለሰብኝ፤ ሕፃኑን ተቀብዬ ስስም ጥርሴን ነክሼ ነበር። ግን በመጣብኝ ቁጥር ያቺን ቃል እጠራለሁ። እናቴ ትችላለች ብሏል፤ እንግዲያ ዛሬን ልቻል። የነገውን አላውቅም፤ ዛሬን። ቅመሜን ዘርግቼ፣ ሰግጄ፣ ለየሻረግ ቡና ጠርቻት ስውል አንድ ቀን ቻልሁ ማለት ነው። መኪና በቆመ ቁጥር መሮጤን ሳላውቀው ተውሁ።

ኋላ መንግሥቱ ወደቀ። የተበተነው ወታደር በከተማችን ሲያልፍ እኔና የሻረግ ዳቦና ውኃ ይዘን መንገድ ዳር ዋልን። የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። ሰይድ ግን አልነበረም። ሰልፉ አልቆ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ «እንግዲህ ቁርጥሽን እወቂ» ማለት ከጀመረ በኋላ፣ በጎርጎራ በኩል በጀልባ መጣ። ተማርኮ ኖሯል፤ ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን እንደገና በእግር። አንድ ትከሻው አልታዘዝ ብሎ ቀርቷል፤ ክንዱን ከጆሮው በላይ አያነሣም። ጠጉሩ ሸብቷል። ግን ልጄ ነው።

ጉልበት ሲያገኝ፣ የሻረግና ሙሉቀን ባሉበት፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ይዤው የኖርሁትን ጥያቄ ጠየቅሁት።

«እናቴ ትችላለች ያልኸው ምን አይተህብኝ ነው?»

ሙሉቀንን አየና ሳቀ። «እናቴ፣ ይኼ ግትር ነው። ሌላ ምን ብዬ ላስወጣው? አንቺማ ሽሮ እስኪበስል መች ትችያለሽ!»

አራታችንም እንባ እስኪወጣን ሳቅን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሰው ሲሰጠው አይታችሁ እኔስ መቼ የምትሉ፣ አላህ ልጄን ያን ጊዜ ለምን እንዳላመጣልኝ አትጠይቁኝ። አላውቅም። ‹እንኳን ዘገየ› ብዬም አልዋሽም፤ የልጄ ትከሻ ምስክር ነው። የጎረቤታችሁ ደስታ ከእናንተ ድርሻ የተቆረሰ መስሎ የሚያንገበግባችሁ ከሆነም አልፈርድባችሁም፤ ከእኔ በእውነት ተቆርሶ ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ልጄ በእኔ ያላየውን ነገር አላት ብሎ ተናገረ፤ አላህ ደግሞ ጊዜ ወስዶ ሠራው።